ገብሱን ነቅለን ሲናሩን ተውነው
(ሳርን ከሳር ስለ መለየት)



በዚህ ዕትም ስለ ሳር እንጻፍ ብለን ለዝግጅት ክፍሉ ስናማክር ያገኘነው መልስ «ሳር ምኑ ይጻፋል? ሳር ሳር ነው» የሚል ነበር። አልተቀየምንም። እኛም እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ የምናስበው እንደዚያው ነበር። በትምህርት ዘመናችን ሁሉ ስለ ሳር የተማርነው ቢሰበሰብ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ባለ አንድ ክክ ተክል ነው፥ ቅጠሉ ረዥምና ቀጭን ነው፥ የቅጠሉ ጅማቶች ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው፥ ሥሩ እንደ ጭራ የተበተነ ነው፤ በቃ። ይህንኑ ፈተና ላይ ጽፈን ሙሉ ማርክ አግኝተንበታል። ማሳ ውስጥ ስንገባ ግን አንዱም አልጠቀመንም፤ ምክንያቱም ሰብሉም አረሙም ባለ አንድ ክክ ነው፥ የሁለቱም ቅጠል ረዥምና ቀጭን ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ ለክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ከወጣነው መካከል አራታችን የአንዲት አቅመ ደካማ እናት የገብስ ማሳ እንድናርም ተመደብን። ደጋ ነው፤ ጭጋጉ እስከ ረፋድ ድረስ አይገለጥም። እማማ ማሳው ጫፍ ድረስ ይዘውን ሄዱና «ልጆቼ፥ ሲናሩን ነው የምታወጡልኝ፤ ገብሴን አደራ» ብለው ቡና ሊያፈሉ ተመለሱ። ገብሱ ገና ጉልበት አልደረሰም፥ ዛላም አላወጣም። ሲናሩም እንደዚያው። ሁለቱም አረንጓዴ፥ ሁለቱም ቀጭን። ከመካከላችን አንዱ «ወፈር ያለው አረሙ ነው» አለና ሌሎቻችን ተከተልነው። ማን እንዳለው እስከ ዛሬ ድረስ እርስ በርስ እንካሰሳለን።

ቡናው ደርሶ እማማ ብቅ ሲሉ እኛ ላብ በላብ ሆነን ከማሳው ጥሩ ቁራጭ አጽድተናል። ክምሩን አዩት። ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ አነሡና አገላበጡት። አልተቆጡም። «ኧረ ልጆቼ፥ ይሄ እኮ ገብሴ ነው» ብቻ አሉ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። የነቀልነው መልሶ አይተከል፤ ዓመቱን የሚጠብቁት እህል ነው።

ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ገባችና እየተራመደች፥ እምብዛም ሳታጎነብስ፥ ሲናር ሲናሩን እየመዘዘች ትጥል ጀመር።

«እንዴት ነው የምትለዪው?» አልናት።

«ሳየው አውቀዋለሁ።»

«ምኑን አይተሽ?»

ትንሽ አሰበችና «እሱኑ ራሱን» አለች።

እዚህ ላይ ነው የኛ ጥናት የተጀመረው። እሷ ታውቃለች፥ መናገር ግን አልቻለችም። እኛ መናገር እንችላለን፥ ግን አናውቅም። ነገ ተመርቀን የምንቆመው ደግሞ እንዲህ ባሉ ልጆች ፊት ነው። ስለዚህ «እሱኑ ራሱን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ መፈለግ ያዝን።

<u>ሳር ያልሆነው ሳር</u>

በመጀመሪያ የማይገባውን እናውጣ። ለበዓል የምንጎዘጉዘው፥ ለቡና የምንበትነው ቄጠማ ሳር አይደለም። ይህን ስንሰማ እኛም አላመንንም ነበር። አንዱን አገዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ አንከባሉት። የሳር አገዳ ድቡልቡል ስለሆነ ይንከባለላል፤ ቄጠማው ግን ጠርዝ ስላለው ይይዛል፥ ይሰናከላል። በምላጭ አግድም ብትቆርጡት ሦስት ማዕዘን ሆኖ ታገኙታላችሁ፥ ውስጡም ድፍን ነው። ሌላም አለ፤ የሳር አገዳ እንደ ሸንኮራ አገዳ አንጓ በአንጓ ነው፥ የቄጠማ አበባ ተሸካሚው አገዳ ግን ከሥር እስከ ጫፍ አንጓ የለውም። የሳር ቅጠል ከአገዳው ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይወጣል፥ የቄጠማው በሦስት ረድፍ። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የቄጠማ ዘመድ ነው፤ አገዳው ትልቅ ስለሆነ ሦስት ማዕዘንነቱ በዓይን ይታያል። የዚህ ቤተሰብ አባላት ሁሉ ጠርዝ የሚወጣላቸው አይደሉም፤ ብዙዎቹ ግን በዚህ ይለያሉ።

በአንጻሩ ደግሞ ሳር ብለን የማንጠራቸው ሳሮች አሉ። ጤፍ፥ ስንዴ፥ ገብስ፥ ማሽላ፥ በቆሎ፥ ዳጉሳ፥ ሸንኮራ አገዳ ሁሉም የአንድ የሳር ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሸምበቆም እንደዚሁ፥ ቀርከሃም እንደዚሁ። እንጀራውም ሳር፥ ምሰሶውም ሳር ነው ማለት ነው። «የሳር አገዳ ውስጡ ባዶ ነው» የሚለውን ግን ለተማሪ ስንናገር እንጠንቀቅ። ስንዴና ገብስ ላይ እውነት ነው፤ በአንጓው ላይ ብቻ ይደፈናል። በቆሎና ማሽላ ግን ውስጣቸው ሙሉ ነው። ቀርከሃ እንኳ የደጋው ክፍት ሲሆን የቆላው አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው። ተማሪው አገዳ ሰብሮ «ቲቸር ይሄ ድፍን ነው» ቢለን «ዝም በል» እንዳንለው ነው ይህን የምንጽፈው።

<u>አንገቱን ተመልከት</u>

አሁን ወደ እማማ ማሳ እንመለስ። ሳር ሌላ ተክል አይደለም፤ የሚያምር ቀለም ያለው አበባ የለውም። አበባውን የሚያዳቅለው ንፋስ ስለሆነ ንብ ለመጥራት አይደክምም። ስለዚህ «አበባው ቀይ ነው፥ ቢጫ ነው» ብሎ መለየት የለም። ዛላው ሲወጣ ማንም ይለየዋል፤ ገብሱ ጺሙን አቁሞ፥ ሲናሩ ፍሬዎቹን አንጠልጥሎ። ነገር ግን ያን ጊዜ ማረም ዋጋ የለውም፤ አረሙ የሰብሉን ምግብና ውሃ በልቶ ጨርሷል። መለየት የሚያስፈልገው ዛላ ሳይኖር ነው። ዛላ ከሌለ ምን ይታያል? አንገቱ።

የሳር ቅጠል ሁለት ክፍል አለው። የታችኛው ክፍል አገዳውን እንደ ጎራዴ አፎት ይጠቀልለዋል። የላይኛው ክፍል ከአገዳው ተላቆ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ እኛ «ቅጠል» የምንለው ይህንኑ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አንገት ይባል። ቅጠሉን በቀስታ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ አንገቱን ከውስጥ በኩል እዩት። ከአገዳው ጋር ተለጥፎ ቀጥ ብሎ የቆመ ስስ ነጭ ሽፋን ታያላችሁ። ይህ ምላስ ነው። ከአንገቱ ግራና ቀኝ ደግሞ አንዳንዶቹ አገዳውን የሚያቅፉ ሁለት ትናንሽ ጥፍር መሳይ ነገሮች አሏቸው። እነዚህ ጆሮ ይባላሉ። ምላስና ጆሮ ያልናቸው እኛ አይደለንም፤ የላቲን ስማቸውም ትርጉሙ ይኸው ነው፥ «ሊጉላ» ትንሽ ምላስ፥ «አውሪኩላ» ትንሽ ጆሮ።

ታዲያ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ገብስ ጆሮው ትልቅ ነው። ሁለቱ ጆሮዎች አገዳውን ከግራና ከቀኝ አቅፈው ፊት ለፊት ይደራረባሉ፤ ጋቢ የተከናነበ ሰው ይመስላል። ፀጉር የላቸውም፥ ልሙጥ ናቸው። ስንዴም ጆሮ አለው፥ ግን አጠር ያለ ነው፤ ጫፉ ላይም ቀጫጭን ፀጉሮች ይታያሉ። ሲናር ጆሮ የሚባል የለውም። አንገቱ ራቁቱን ነው፤ ምላሱ ግን ረዘም ብሎ ጫፉ የተሸራረፈ ነው። ይኸው ነው ምስጢሩ። ገብስ ያቅፋል፥ ሲናር አያቅፍም።

ቆሞ ለሚያርም ሰው ሌላም ምልክት አለ። የቅጠሉ ጠመዝማዛ ነው። ከላይ ወደ ታች ስናይ የስንዴና የገብስ ቅጠል ሲጠማዘዝ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፥ የሲናር ቅጠል ደግሞ በተቃራኒው። ልጅቱ ሳታጎነብስ ስትመዝ የነበረው ይህን እያየች ይሆናል ብለን እንገምታለን። ስንጠይቃት ግን እንደገና «አላውቅም፥ ዝም ብዬ ነው» ነው ያለችው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፥ በራሳችን ላይ የደረሰ ስለሆነ። ታችኛውን ያረጀ ቅጠል አትዩ። ጆሮው ደርቆ ይረግፋል ወይም በንፋስና በእጅ ንክኪ ይቀደዳል፤ ከዚያ ገብሱን «ጆሮ የለውም» ብላችሁ ትነቅሉታላችሁ። መካከለኛውን፥ ጨርሶ የተከፈተውን፥ ትኩስ ቅጠል ነው ማየት። ለሁለተኛ ጊዜ እማማ ማሳ ገብተን የተሳሳትነው በዚህ ነው። ሁለት ብቻ ነበር፤ ቢሆንም ተስተዋለብን።

<u>በቆርቆሮ የተደረገ ሙከራ</u>

ከተመለስን በኋላ ከመኝታ ቤቱ ጓሮ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዎች ሰብስበን፥ ሥራቸውን በምስማር በስተን፥ አፈር ሞልተን ገብስ፥ ስንዴና ሲናር ዘራን። በየቆርቆሮው ቁጥር ጻፍን፤ የየትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ አንዱ ጓደኛችን ብቻ ደብተሩ ላይ ያዘ። ሦስተኛው ቅጠል ከወጣ በኋላ በጠቅላላው በ20 ቡቃያ እርስ በርስ ተፈታተንን። በመጀመሪያው ቀን ከመካከላችን የተሻለው 13 አገኘ። የመጨረሻውን ውጤት አንጽፍም። አንገት ማየት ከተለማመድን ከሳምንት በኋላ ሦስታችን 18 እና ከዚያ በላይ አገኘን። የሚያስቸግረን ስንዴውንና ገብሱን መለየት ነው፤ የጆሮው ፀጉር በዓይን ብቻ አልታይ ይላል። አጉሊ መነጽር ለሌለው ሁለት ዘዴ ሞክረናል፦ አንደኛው የስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት፥ ሁለተኛው ደግሞ በቀጭን ሽቦ ትንሽ ቀለበት ሠርቶ የውሃ ጠብታ ማንጠልጠል ነው። የውሃው ጠብታ እንደ ሌንስ ያጎላል። ገጠር መብራት በሌለበት ቦታ ለምንመደብ ሁሉ ሁለተኛው ይበጃል።

ቆርቆሮዎቹን በአንድ ቅዳሜ በዘንቢል ይዘን እማማ ቤት ሄድን። ልጅቱን ፈተንናት። 20 ከ20። ሆኖም አሁን ጆሮውን አሳየናት። ቅጠሉን ወደ ኋላ ስባ፥ አንገቱን አይታ፥ «አሃ፥ እሱ ነው እንዴ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሮጣ ጎረቤት ያለውን ታናሽ ወንድ ልጅ ጠርታ ማሳየት ጀመረች። እሱ እስከዚያ ቀን ድረስ መለየት ስለማይችል አረም አይጠሩትም ነበር።

<u>ሲናር ለምን አያልቅም</u>

ብዙ ሰው «በየዓመቱ እናርማለን፥ በየዓመቱ ይበቅላል» ይላል። ሲናር የምንለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንደኛው አቬና ፋቱዋ የሚባለው ሲበስል ፍሬውን ከአጨዳ በፊት መሬት ላይ ያረግፋል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ዘር ማሳው ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ሌላው አቬና አቢሲኒካ ነው፤ ስሙ እንደሚያመለክተው የአገራችን ነው። እሱ አያረግፍም። ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፥ አውድማ ላይ አብሮ ይወቃል፥ ጎተራ አብሮ ይገባል፥ በሚቀጥለው ዓመትም ከዘሩ ጋር በገበሬው እጅ ተመልሶ ይዘራል። አንዱ በመሬት፥ አንዱ በእጃችን ይመጣል። ሰውም ይህን ሁለተኛውን ከገብስ ጋር ሲበላው ኖሯል፤ ፈጽሞ ጠላት አይደለም።

የሲናር ፍሬ ጀርባ ላይ ጉልበቱ የታጠፈ ጥቁር ጺም አለ። ደረቁን ፍሬ ወስዳችሁ በውሃ ብታርሱት ጺሙ በራሱ ይዞራል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይጠመዘዛል። መሬት ላይ የወደቀው ፍሬ በዚህ እየዞረ ወደ ስንጥቅ ይገባል። ለክፍል ማሳያ ከዚህ የተሻለ አናውቅም፤ ልጆቹ «ሕይወት አለው እንዴ!» እያሉ ይጮሃሉ።

<u>እንክርዳድ</u>

እንክርዳድን ከስንዴ ነጥሎ ማውጣት ከጥንት ጀምሮ የሚያስቸግር ነው። በወንጌል ያለው ምሳሌ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ሠራተኞቹ እንንቀለው ሲሉ ባለቤቱ ስንዴውንም አብራችሁ ትነቅላላችሁ ብሎ ከለከላቸው። እኛ የእማማን ገብስ ከነቀልን ወዲህ ይህን ምሳሌ የምናነበው እንደ እርሻ መጽሐፍ ነው።

ዛላው ሲወጣ ግን ልዩነቱ ቀላል ነው። ዛላው መሐል ላይ አንድ አጥንት አለ፤ ፍሬ የያዙት ትናንሽ ዘለላዎች በእሱ ላይ ግራና ቀኝ ተሰክተዋል። የስንዴ ዘለላ ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ አጥንቱ አዙሮ ይቀመጣል፥ ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ እንደሚቀመጥ ነው። የእንክርዳድ ዘለላ ደግሞ በጎኑ፥ በጠርዙ ነው የሚቀመጠው፥ ሰው በትከሻው ግድግዳ እንደሚደገፍ። ስለዚህም ከአጥንቱ በኩል ያለው ሽፋን አያስፈልገውም፤ ከጫፉ ዘለላ በስተቀር በውጭ በኩል አንድ ሽፋን ብቻ አለው። መለየቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ለተማሪዎች መናገር ያሻል። የእንክርዳድ ፍሬ መጠኑ ከስንዴ ጋር ስለሚቀራረብ በወንፊት በቀላሉ አይወጣም፤ በብዛት ተፈጭቶ ከተበላ ራስ ያዞራል፥ ያስታውካል፥ እንደ ሰካራም ያንገዳግዳል። መርዙ ደግሞ ከራሱ ከእንክርዳዱ ሳይሆን ፍሬው ውስጥ ከሚኖር ፈንገስ ጋር የተያያዘ ነው።

<u>ጣት ያላቸው</u>

ሰርዶን የማያውቅ የለም። አህያ እንኳ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» ብላለች። የአበባው አገዳ ጫፍ ላይ ከአንድ ቦታ የሚነሡ እንደ ጣት የተዘረጉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች አሉት። አክርማም ጣት አለው፥ ዳጉሳም ጣት አለው፤ ዳጉሳና አክርማ እንዲያውም የአንድ ወገን ናቸው። መለያው ይህ ነው፦ ሰርዶ መሬት ላይ እየተሳበ፥ ከመሬት በታችም እየሄደ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ በየዘለላው ያለችው አበባ አንዲት ብቻ ናት። አክርማ አይሳብም፤ በአንድ ቦታ ጠንካራ ጉቶ ሆኖ ይቆማል፥ በየዘለላው ብዙ አበቦች አሉት፥ በቅጠሉ ጠርዝ ላይም እዚህም እዚያም የተባዘተ ጥጥ የሚመስል ነጭ ፀጉር ይታያል። እናቶቻችን ሞሰብ የሚሰፉበት አክርማ እሱ ነው። ጎትቶ ለመንቀል የሞከረ ሰው ጥንካሬውን ያውቀዋል፤ የኛው ጓደኛ እጁን ቆርጦታል።

የጤፍን ነገር ጠቅሰን እንለፍ። ጤፍ ጆሮ የለውም፤ ምላሱም ስስ ሽፋን ሳይሆን የአጫጭር ፀጉሮች መስመር ነው። ይህ ከስንዴና ከገብስ በጣም ይለየዋል። ፍሬው 1,000 ተቆጥሮ ግማሽ ግራም አይሞላም፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አገር መመገቡ ይገርመናል። ሰንበሌጥ፥ ጓሳና ሙጃ ራሳቸውን የቻሉ ጽሑፍ ስለሚፈልጉ ለሌላ ዕትም አቆይተናቸዋል።

<u>ናሙና አያያዝ</u>

ስም ብቻውን አይበቃም። አንዱ ሳር በየአገሩ ሌላ ስም አለው፤ በአንጻሩ ሁለት የተለያዩ ሳሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። በመኝታ ክፍላችን ብቻ ከአራት አውራጃ የመጣን ልጆች ስለ አንድ አረም ስም ተከራክረን ሌሊቱን አጋምሰናል። ስለዚህ ናሙናውን ከነሥሩ ንቀሉ፤ ሥሩ ከሌለ የሚሳብ ይሁን የሚቆም አይታወቅም። አፈሩን አራግፋችሁ በጋዜጣ መካከል አድርጉ፥ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፥ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፤ አለበለዚያ ይሻግታል። በወረቀት ላይ ቀኑን፥ ቦታውን፥ የነገሯችሁን ስምና የነገራችሁ ሰው ከየት እንደሆነ ጻፉ። ከዚህ የበለጠ ለሚፈልግ፥ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሁለት ሥራዎች አሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1974 አሰላ ላይ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ያሳተመው ሥዕላዊ መምሪያ፥ እና እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 7ኛ ቅጽ፤ ይህ ቅጽ ጠቅላላው ስለ ሳር ቤተሰብ ሲሆን ያዘጋጁት ሲልቪያ ፊሊፕስ ናቸው።

ከዚህ ጽሑፍ ሥር በክር የተንጠለጠሉት ዘጠኝ ናሙናዎች የኛ ናቸው። ቆርቆሮዎቹም ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ቁጥሩን አይታችሁ መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩ። እባካችሁ ናሙናውን አትውሰዱ። ባለፈው ሳምንት ለማወዳደሪያ የሰቀልነው ቄጠማ ለቡና ተጎዝጉዞ አግኝተነዋል፤ የጎዘጎዙት እህቶች ራሳቸውን ያውቃሉ።

እኛ ደግሞ በመጪው ነሐሴ ለአረም እንደምንመለስ ለእማማ ነግረናቸዋል። «ኑ፥ ቤታችሁ ነው» አሉን። ቀጥለውም ወደ ልጅቱ እያዩ «ማሳው ከመግባታችሁ በፊት ግን እሷ በቆርቆሮው ትፈትናችኋለች» አሉ።